ለቅሶ በሰው አይላክም

ጎማው የቆላ ጥቁር ጭቃ የያዘ አይሱዙ ከትምህርት ቤታችን ደጃፍ ሲቆም፣ የጭቃውና የበቆሎ ጆንያው ሽታ በመስኮት ይገባል። ያን ጊዜ ለተማሪዎቼ ሊደረግ ሲገባ ያልተደረገ ነገር እንዴት እንደሚነገር ለማስረዳት «መሄድ ነበረብኝ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከሆነ፣ የምሰማው የአባቴን ድምፅ ነው።

አንድ ክረምት፣ ከምንኖርበት ከነቀምቴ በታች፣ ቆላው አንገር ጉቲን የምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛ ልጆች እንደ ነቀምቴ ሰው «አዳዳ» የምንላት፣ ባሏ ሞተባት። መንገዱ ጨቅይቶ መኪና አልሄድ ስላለ፣ አባቴ በበቅሎ የሚወርድ ነጋዴ አግኝቶ የማጽናኛ ቃሉን ከአንድ ከረጢት ጤፍ ጋር ላከ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጦ «መድረስ ነበረብኝ» ይል ነበር፤ እናቴም «ዝናቡን አንተ አላዘነብከው» እያለች ታባብለው ነበር።

ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ደረቀ፤ አባቴ ግን ሐፍረት ይዞት አንዴ ሥራ፣ አንዴ ጉንፋን እያመካኘ ይቀር ነበር። በእኛ ልማድ ቀብር ያመለጠው ሰው ዓመትም ቢቆይ ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፤ ሐዘንተኛዋ ተነሥታ አብራው ካላለቀሰች፣ አልተቀበለችውም ማለት ነው።

«ካልተነሣችስ?» አላት እናቴን።

«እሱን እዚያው ሄደህ እወቀው» አለችው።

በጥር ወረድን። አባቴ አጥሩ ጋ ሲደርስ «እታለም! እታለምዬ!» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አዳዳ ግን ከተቀመጠችበት መደብ አልተነሣችም። ጎረቤቶች ከየደጃቸው ወጥተው ሲያዩን፣ እኔ የእናቴን ነጠላ ጨብጬ ቆምኩ።

«ለቅሶ በሰው ይላካል እንዴ፣ አራጌ?» አለች በመጨረሻ። «ከእናንተም ወዲያ ካለው ከዲጋ እንኳ ግማሹን መንገድ በእግራቸው የመጡ አሉ። አንተ ጨው ነህ፣ ዝናብ የሚያሟሟህ?»

«መምጣት ነበረብኝ» አለ አባቴ፤ መንገዱንም ጭቃውንም አላነሣም።

«ነበረብህ!» ብላ ተነሣች፤ አንገቱን አቀፈችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪያለቅስ ድረስ ሁለቱም አለቀሱ። እንባዋን ጠራርጋ ስታበቃም «ጨዉ፣ ና እግርህን ታጠብ» አለችው፤ ሳቅን።

ዛሬ ማጽናኛችንን በስልክ እንልካለን፤ «መምጣት ነበረብኝ» ብለን ስንጽፍ «ችግር የለም» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፣ እኛም ስልካችንን ኪሳችን ከትተን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ደግነት ነውና አልነቅፈውም። ብቻ በዚያ ጥር በቆሎ በጫነ አይሱዙ ስንመለስ፣ አባቴ ጆንያ ተደግፎ ነቀምቴ እስክንገባ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እኛ «ችግር የለም» የተባልነው እንደዚያ መተኛታችንን እንጃ።