የአዳም ራስ ቅል ያለበት ጆንያ

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ መድኃኒት የተቀባ የበቆሎ ዘር ሲሸተኝ፣ በልጅነቷ የሞተችው እኅቴ አለምነሽ መጣችብኝ።

ግንቦት ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚበላ እህል አልቋል። አባቴ ለዘር ብሎ ከቡሬ ያመጣው ጆንያ ላይ ራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተሥሎበታል።

«ምንድን ነው ይኸ?» አለች እናቴ።

«የአዳም ራስ ቅል ነዋ! ቤተ ክርስቲያን ከስቅለቱ ሥዕል ግርጌ አላየሽም? ዘሩን ባርከው ነው የሰጡን።»

«እንግዲያስ ለልጆቹ እፍኝ ልቁላላቸው።»

እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ እኅቴ አረፋ ትደፍቃለች፤ ሳይመሽ ሞተች።

አባቴ የቀረውን ዘራው። በቆሎው አማረ። በላነው።

ዛሬ ገበያው ላይ ዘር ሻጩ ልጅ ጆንያው ላይ ያለውን ያንኑ ምልክት እያሳየ፣ «አባባ፣ ይኸ መርዝ ነው፤ እንዳይበሉት» አለኝ።

«ስፈርልኝ፤ የምዘራው ነው» አልሁት።