የብረት ጣውንት

ያቺን ሴትዮ ተመልከቷት። ካፖርት ደርባ፣ ሻርፕ ጠምጥማ ስፌት መኪናዋ ላይ ያቀረቀረችውን። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ክር ወደ መርፌ ማስገባት አቅቷታል። ቤቱ ውስጥ ያለው ማሞቂያ አንድ ነው፤ እሱም ከግድግዳው ወዲያ ሀዲድ እያሞቀ ነው።

ሀዲድ ስላችሁ የእውነቱ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባሏ፣ መጫወቻ ለምታህል ባቡር ጠረጴዛ ላይ በእጁ የዘረጋው ነው። እንጨቱን እንደ ክብሪት ከትፎ ደረደረ፤ ቀጭኑን ብረት በላዩ ቸነከረ፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቅንጣት ክፍተት ሳይተው በየደው። አሁን ሲበርድ ብረቱ ይኮማተርና ብየዳው ይላቀቃል። ስለዚህ ማሞቂያው እዚያ ከረመ። ሲሞቅ ደግሞ ብረቱ ተለጥጦ እንዳይጎብጥበት ሰውየው ሮጦ መስኮት ይከፍታል።

ልትጠይቃት የመጣችው እህቷ በሳቅ ፈረሰች።

«ጣውንት መጣብሽ በዪኛ! ያውም የብረት!»

«ሳቂ፣ አንቺ ምን አለብሽ! ባለፈው አተኩሶኝ ስተኛ ግንባሬን አልነካም። እሷን ግን ሲዳስሳት ይውላል። እኔ ማሞቂያውን መች አልኩ? አንድ ቀን እንኳ ‹በርዶሻል ወይ?› ይበለኝ።»

ቅናቱ አንገበገባት። ባሏ ሚስማር ሊገዛ ሲወጣ ጠብቃ ገባች፤ መስኮቱን ጠረቀመችው፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ጨመረችው።

«ሙቂ እንግዲህ! ጥገቢ!»

ሲመለስ ሀዲዱ መሄጃ አጥቶ ጎብጧል፤ ሚስማሩን ነቅሎ እንደ እባብ ተጣሟል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። የምትወዳትን አሞቅኩልህ፤ አጠፋሁ?»

አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ብረቱን ዳሰሰ።

«ጥፋቱስ የኔ ነው፤ መላወሻ አልተውኩለትም።»

መጋዝ አነሳና ከየመገጣጠሚያው የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ይቆርጥለት ጀመር። ቀጥ አድርጎ መልሶ ሲቸነክረው ቢበርድም ቢሞቅም የሚችል ሆነ። ያን ጊዜ ማሞቂያውን ተሸክሞ መጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«በይ ውሰጂው፤ ሀዲዱ ከእንግዲህ አያስፈልገውም።»

ጣቶቿ ሞቁ። እሷን ግን ሆድ ባሳት። ጣውንቷ የጠገበችውን ትራፊ ነው ያመጣላት፤ የናፈቀችውን ጥያቄ አሁንም አልጠየቃትም። «ክፉ ሰው ቢሆን እኮ አልናደድም ነበር! ለብረት መላወሻ የሚያስብ ሰው ነው» አለች በልቧ።

እናንተም ቁጭ ብላችሁ በሰው ባል አትፍረዱ። ይህን አስቀምጡና ተነሱ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ሰው «በርዶሃል ወይ? በርዶሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።