ነገ በዚህ ሰዓት ይጠፋል

አቶ ቆይ የምንለው ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ቢሮአችን ውስጥ የሚያስታውሰው ግን የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ ጽፎ ቁልፉን ሊጫን ጣቱን ባነሳ ቁጥር «ቆይ» ይላል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር አስደንግጧታል። እሷ ልትነካ የፈለገችው የመብራት ማጥፊያውን ነበር።

ሥራችን ለሆስፒታል ካርድ ክፍሎች ፕሮግራም መጻፍ ነው። የትናንቱን ሥራ ከዛሬው ለይቶ የሚያስቀምጥ መሣሪያም አለን። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። ከትእዛዞቹ አንዷ መሣሪያው ላይ ገና ያላስመዘገብከውን ሥራ ሁሉ ጠራርጋ ታጠፋለች። ቁመቷ አጭር ነው። ለምን እንዲህ እንዳሳጠሯት፣ የፈጠሯትን ሰዎች ባገኛቸው የምላቸው ነገር አለኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት የአቶ ቆይ ታናሽ ወንድም እዚሁ ተቀጥሮ ነበር። በሁለተኛ ወሩ ያቺን ትእዛዝ ጻፈ፤ የሁለት ወር ሥራ እልም አለ። አለቃችን በሰው ፊት ጮኹበት። ልጁ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። አቶ ቆይ ያን ሰዓት ምሳ ላይ ነበር። ይህ «ቆይ» የማለት አመል የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያም ለጀማሪዎች ብሎ ከመሣሪያው ፊት የምትቆም ትንሽ ፕሮግራም ሠራ። መጀመሪያ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ሁላችንም ሳናነብ አዎ አልን፤ እኔ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ መጠየቁን ተወችው። አጥፊ ስትላት ከዓይን ሰውራ ታስቀምጥና «ነገ በዚህ ሰዓት ይጠፋል» ትላለች። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ስሟን ሙሉውን ይጽፋል፤ የተሰወረው ይመለሳል። ስሟን ጭምቱ አላት።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ አለቃችን መጡ።

«ይቺ ነገርህ ዲስኩን ሞላችው። ጀማሪ እሳት ሲያቃጥለው ነው የሚማረው። አሁኑኑ አጥፋልኝ» አሉና ከጀርባው ቆሙ።

አቶ ቆይ ጭምቱን ራሷን እንድታጠፋ አዘዛት። መስኮቱ ላይ ጽሑፍ ወጣ። አለቃችን «ይጠፋል» የምትለዋን አይተው ሄዱ፤ ከፊቷ ያሉትን ቃላት አላነበቡም። የማያነበው ጀማሪ ብቻ ነው ያለው ማነው?

በማግስቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አዲሷ ሠራተኛ ጮኸች። አርባ ዓመቷ ነው፤ የነርስነት ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው አርብ ነው፤ ሥራዋን ካላሳየች ትሰናበታለች። የሦስት ሳምንት ልፋቷን፣ እንዳላበላሽ ብላ ፈርታ፣ አንድም ቀን አላስመዘገበችም። ችግር ሲገጥማት ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ትእዛዝ ገልብጣ ለጠፈች። ያቺው አጭሯ ነበረች። ፋይሎቿ ድራሻቸው ሲጠፋ ደንግጣ የወጣውን ጽሑፍ ሳታነብ መስኮቱን ዘጋችው።

«ጉድ ሆንኩ!» አለች። «ልጆቼን ምን ልበላቸው?»

አለቃችን ከክፍላቸው ወጡ። ለመጮህ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«ይቆዩ» አለ አቶ ቆይ። በአክብሮት ነው ያላቸው።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አይዞሽ እህቴ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ» አለና መስኮቱን ከፍቶ የጭምቱን ስም ጻፈ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሴትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

«አጥፍተሃት አልነበር እንዴ?» አሉ አለቃችን።

«አጥፍቻታለሁ። የምትጠፋው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ይቀራታል።»

አለቃችን ሰዓታቸውን አዩ። ሴትየዋንም አዩ።

«እንዴት ነው የሚቆመው?»

«ስሟን ሙሉውን መጻፍ ነው።»

አቶ ቆይ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ወስዶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።

«ለመሆኑ ጭምቱ ምንድን ነው?»

እኔም ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ እንደዚያ ነው የምንለው።»

የአለቃችን ጣት አየር ላይ ቀረ።

«አሁን ምን ይሠራል?»

«ጎማ ይጠግናል።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ግን አይገባም።»

አለቃችን ቁልፉን ተጫኑ። ከዚያ ሳይነሱ ስልካቸውን አወጡና የልጁን ቁጥር ጠየቁት። አቶ ቆይ በቃሉ ነገራቸው። ሊደውሉ ጣታቸውን ሲያነሱ ቆይ አላላቸውም።