ቀዩን ሁሉ አረንጓዴ ያደረግሁ ለት

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ነው የተማርኩት። ቤቴል አጠገብ መጋዘን ስጠብቅ ፊቱ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። በኤ የሚጀምሩት ቃላት የሉበትም። የቀረውን በቃሌ ያዝኩት። ዛሬም በሰፈራችን እንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የልጄ ልጅ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በስልክ ስታጠና ደሜ ይፈላ ነበር። ስልኩ ደውሎ አጥኚ ይላታል፣ ደውሎ እረፊ ይላታል። ያቃታትን ጥያቄ በቀይ፣ የቻለችውን በአረንጓዴ ይይዝላታል። ቀዩን በየቀኑ እያመጣ መልሶ ይጠይቃታል።

"ሰው በደወል ይማራል?" አልኳት።

"ደወሉን የሞላሁት እኔ ነኝ እኮ አባባ። እርስዎን መዝገበ ቃላቱን ያንብቡ ያለዎት ማን ነው?"

"ማን ያዘኛል? ራሴ ነኛ!"

"ይኸው፣ እኔም ራሴ ነኝ።"

መልሷን አልወደድኩትም። ለእድራችን ሽማግሌዎች የማስጠናት እኔ ነኝ ብዬ አውርቼ ነበርና።

አንድ እሑድ እነሱው ሊጠይቁኝ ቀጠሩ። ልጅቷ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። የእጄን ሥራ ላሳያቸው ብዬ ብከፍተው ኬሚስትሪው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ቀይ የመምህር እስክሪብቶ ነው፤ ውርደት ነው። እንግዶቼ እስኪደርሱ ቁጭ ብዬ "ችያለሁ" የሚለውን አንድ በአንድ ተጫንኩ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ።

"እሰይ! አያቷን ወጣች!" አሉ ሲያዩት። ያን ቀን ደረቴ ሰፋ።

በማግስቱ ጠዋት፣ "አባባ፣ ኬሚስትሪዬን ነክተውታል?" አለችኝ።

"አሳመርኩልሽ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"የቱን እንደማላውቅ የያዘልኝ እኮ ቀዩ ብቻ ነበር" አለች።

ለፈተናው የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመረችው፤ አልደረሰችም። በትንሽ ነጥብ ወደቀች።

የእድሩ ሊቀመንበር ሊያጽናናት መጣ። "ያ ሁሉ አረንጓዴ የት ገባ፣ የኔ ልጅ?" አላት።

እሷ ወደ እኔ አየች። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ፣ በሰፈሩ ስብሰባ ሁሉ ቀድሜ እጄን የማወጣው ሰውዬ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጋቢ አስተካከልኩ።

"ጊዜ አልበቃኝም" አለች ቀስ ብላ።

"ስልክ ነው ያጠፋት" አለ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ።

"ስነግራት ነበር" አልኩ።