እትዬ እንደገና

ባለቤቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቃት "እትዬ እንደገና" በሚል ስም ነው። አዲስ ጥርስ የሠራችለትን ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ታስቀምጥና "እስቲ ስድሳ ስድስት በል" ትለዋለች። አባባሉ ካልጣማት ጥርሱን ታወጣለች፣ ትሞርዳለች፣ ትመልሳለች፤ "እንደገና!" በጆሮዋ እንደምትመካ በማንም አትመካም። እኔ ጓዳ ሆኜ የማጉረመርማትን እንኳ ከሥራ ክፍሏ ትሰማለች፤ ይህን ብዙ ዋጋ ከፍዬ አረጋግጫለሁ።

አንድ ቀን ጥርስ የሠራችላቸው አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። እሳቸው በኛ ቋንቋ ከሰላምታ አያልፉም፤ ልጃቸው ግን እዚሁ ስላደገች እንደኛው ነው የምታወራው።

"እትዬ፣ አባዬ ማስተማር አቆመ" አለች።

ሽማግሌው በየሳምንቱ ያገራቸውን ልጆች ሰብስበው ቋንቋቸውን ያስተምሩ ነበር። አዲሱ ጥርስ ከገባ ወዲህ ግን የቋንቋቸው ሁለት ድምፆች ካፋቸው ሲወጡ አንድ ሆነውባቸዋል።

"ልጆቹ የሱን አፍ ነው የሚከተሉት። አበላሽቼ ከማስተምራቸው ይቅር ብሎ ቤት ተቀምጧል።"

ባለቤቴ ደሟ ፈላ። "እስቲ ይበሉት!" ሽማግሌው አንዱን አሉ፣ ሌላውንም አሉ። "ሁለቱም ጥርት ያለ 'ስ' ነው! ምን ጎደለው?"

"ችግሩ እሱ ነዋ! አሁን እኔን ይስሙኝ።" ልጅቷ ሁለቱን ለየብቻ አለች። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም የሰማሁት "ስ" እና "ስ" ነው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉ። አንጀቴን በሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን "ይለመዳል" ብሎ ይሸኛቸው ነበር። እሷ እቴ! "ጆሮዬ ካልሰማ ዓይኔ ምን ሠርቶ ይበላል?" አለች። የልጅቷን የላንቃ ልክ ወስዳ ስስ ልባስ ሠራችለት፤ ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበትና አፏ ውስጥ አድርጋ አንዱን ድምፅ አስባለቻት። ሲወጣ ምላሷ የነካው ቦታ ዱቄቱ ተጠርጓል፣ ከፊት ጥርሶቿ ሥር። በሌላው ድምፅ ግን የተጠረገው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው።

"ሁለት ናቸው!" ብላ ጮኸች።

የሽማግሌውን ጥርስ በዱቄቱ ስትሞክረው ሁለቱም ድምፆች አንድ ቦታ ላይ አረፉ። ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ ያለውን አወፍራው ኖሯል፣ ምላሳቸውን ይገፋዋል። "የኔ እጅ ነው ያጠፋው፤ የኔው እጅ ያቃናዋል" አለችና መሞረጃዋን አነሳች።

"እንደገና፣ አባባ።" ሞረደች። "እንደገና።" ከሰዓት በኋላው በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ ዱቄቱ ሁለት ቦታ ተጠረገ። እኔና እሷ አሁንም የሰማነው "ስ" እና "ስ" ነው፤ ልጅቷ ግን አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሽማግሌው ትምህርቱን ሲጀምሩ እኛንም ጠሩን። ባለቤቴ ኮራ ብላ ከልጆቹ መሀል ተቀመጠች። ልጆቹ ሁለቱን ድምፆች በየተራ ካሉ በኋላ ሽማግሌው ወደ እሷ ጠቆሙ። ተነሳች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በሙሉ ልቧ "ስ" እና "ስ" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጣታቸውን አንስተው፣ ከኛ ቋንቋ አጥርተው የሚያውቋትን ቃል አወጡ።

"እንደገና!"

የኔ እመቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንዳች ክርክር አፏን ከፈተች።