ሁለተኛው ዘፈናችን

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ ነው። ኪቦርድ እጫወታለሁ። ዘፋኛችን የጀጎል ልጅ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ጊታርና ቤዝ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ጨምረን ባንድ አቋቋምን፤ ለልደትና ለምርቃት እየተጠራን ስንጫወት ቆየን።

የመጀመሪያውን ዘፈን የቀዳነው ኤረር በር አጠገብ በተከራየናት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ሰቅለን ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቶ የሆነ ነገር ይጎድለው ነበር። ዘፋኛችን አክስቱን ይዞ መጣ። ስልሳን ያለፉ፣ ሰርግ ቤት ከበሮ በመምታት የሚታወቁ ሴት ናቸው። አንዴ ሰሙትና፣ "ይሄ ልጅ እየዘፈነ ይሮጣል፤ ማን ነው የሚያባርረው?" አሉ። ከበሯቸውን አቀፉ። ሁለት ጊዜ ብቻ መቱልን፤ ሁለተኛውን ወሰድነው።

በወሩ ባጃጁ ሁሉ ያንኑ ዘፈን ይዞ ይዞር ጀመር። አንድ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሬዲዮ በየሳምንቱ በሚያወጣው ደረጃ አንደኛ ወጣ፤ አምስት ሳምንትም ሳይወርድ ቆየ። እናቴን ከቅዳሴ ስትመለስ ሰው እያስቆመ "የልጅሽ ዘፈን!" ይላታል። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሰው አወቀኝ አላወቀኝ እያልኩ የመንገደኛውን ዓይን ዓይን ማየት ለምጄ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አቀናባሪ ሊሠራልን ተስማማ። ግጥሙን ስድስት ጊዜ ቀየርነው። ዜማ በመጣ ቁጥር ወይ "የመጀመሪያውን አያክልም" ይባላል፣ ወይ "የመጀመሪያው ራሱ ነው" ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ባዮቹ እኛው ነን። በቀረጻው ቀን አቀናባሪው ከበሮውን በኮምፒውተር ሠርቶ ጠበቀን።

"የሴትዮዋ ምት ወጣ ገባ ይላል፤ ይሄ ንጹሕ ነው" አለ።

ዘፋኛችን ወደ እኔ ዞረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የኪቦርዱን ገመድ ማስተካከል ያዝኩ። እሱም "እሺ፣ ይሁን" አለ። ለአክስቱ ማንም አልነገራቸውም።

ዘፈኑ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ሹፌር አወቀኝ።

"አንቺ ኪቦርዷ አይደለሽም? ጠፋችሁ እኮ! አዲስ መቼ ነው የምትለቁት?"

"በቅርቡ" አልኩት።

ሳልሳፈር ዞሬ በእግሬ ጀጎል ገባሁ፣ የዘፋኛችን አክስት ቤት። ሽንኩርት እየላጡ አገኘኋቸው።

"አክስቴ፣ አዲሱን ዘፈን ሰሙት?"

"ሰማሁት። ጎረቤቴ በስልኳ አሰማችኝ። ከበሮዬን ስጠብቅ ስጠብቅ አለቀ።" ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ያኔ እጄ ከድቶኝ ነበር እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም! ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው የእርስዎ እጅ ነው።"

"ታዲያ መናገር ምን ያቅታል? 'ዛሬ አላስፈለጉንም' ብትሉኝ፣ ወላሂ፣ መርቄ እሸኛችሁ ነበር። እኔ ግን 'አዲሱም ላይ አለሁበት' ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።"

"እዚያው ነበርኩ፤ እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። እሳቸው ሌላ ቢላዋ አቀበሉኝ፤ ሽንኩርቱን አብረን ላጥን።

ዘፋኛችን በማግስቱ እሳቸው ጋ ሄደ። ለእሱ ሥጋው ስለሆኑ ይበልጥ ከበደው። ለሦስተኛው ዘፈን እንዲመቱልን ሲለምናቸው "አሁን የመጣኸው ስለቸገረህ ነው፤ አይሆንም" ብለው ቁርጡን ነገሩት።

ሦስተኛውን ያለ እሳቸውም ያለ አቀናባሪውም ሠራነው። የትኛውም ደረጃ ውስጥ አልገባም፤ ሆኖም ድሬዳዋ ሰርግ ስንጠራ እሱን ድገሙልን የሚሉ አሉ። ሁለተኛው የወደቀው ከበሮው ስለቀረ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ እንጃ፤ ከበሮው ኖሮም ይወድቅ ይሆናል። ዘፈን መውደቁ የሥራው ጠባይ ነው። ሴትዮዋ እጃቸውን መጠርጠራቸው ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ያንን በማንም ላይ ላላክክ አልችልም።

ባለፈው ረመዳን በዘፋኛችን እጅ ትኩስ ሳምቡሳ ላኩልኝ። ለኢድ ሄጄ እንኳን አደረስዎ አልኳቸው፤ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ተጫወትን። ስለ ሙዚቃ ግን እስካሁን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አልደፈርኩ።