የተነከሰው እንቁላል

ሊይዙኝ የመጡት ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በማለዳ ነው። አዳማ ላይ የግል ዕጩ ሆኜ ተመዝግቤ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሂሳብ መምህርነቴ ነው። ፖሊሶቹ ጫማዬን እስካስር በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጨዋ ነበሩ፤ አንዱማ ውሃ ጠይቆ ጠጣ። ባለቤቴ ጃኬቴን ስታለብሰኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «በእኛ ምርጫ ጣቢያ ካሸነፍኩ እንቁላል ላኪልኝ፤ ካልሆነ ሽሮ» አልኳት። ወረዳውን እንደማላሸንፍ አውቀዋለሁ። ማወቅ የፈለግኩት የሰፈሬን ሰው ነበር፤ ልጆቻቸውን ያስተማርኩላቸውን፣ ለቅሶ አብሬያቸው የተቀመጥኩትን። የጣቢያው ውጤት በማግስቱ በሩ ላይ ስለሚለጠፍ ማንም ሄዶ ያነበዋል።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሌላው የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፍራሻቸውን ገፋ አድርገው፣ «አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ መምህር? ወዲህ ና፤ ግድግዳው ጋ አትተኛ፣ ይረጥባል» አሉኝ።

የምርጫው ዕለት ማታ ከፖሊሶቹ ክፍል የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ጆሯችንን ብናቆምም ዋጋ የለውም። ሲሰለቸን ውጭ ብንሆን ሌሊቱን እንዴት እንደምናሳልፍ መጫወት ጀመርን።

«እኔ ባጃጄን አስነስቼ ከጣቢያ ጣቢያ ነበር የማመላልሰው» አለ ሹፌሩ። «ዛሬ ውጤት ለማየት የሚዞር ሰው ነፍ ነው።»

ሀጂ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሬዲዮ ሊያዳምጡ አስበው ነበር። «ግማሾቹ ከእኔ ጋር አይስማሙም። ደስ የሚለውም ለዚሁ ነው» አሉ።

እኔ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ ላወጣ፣ ከእድሩ ወንበር ልዋስ አስቤ ነበር። ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረንበታል። እሷ ጥቂት ይበቃል ባይ ነበረች።

ሀጂ የእራታችንን ዕቃ እያነሱ፣ «ዛሬ የክርስቲያኖቹ ስንቅ ሁሉ ምስር ነው። ጾም ገባ እንዴ?» አሉ።

ክው አልኩ። ለካ የሰኔ ጾም ገብቷል። እኔ ይህን ጾም ለቄሶች ትቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ግን ገድፋ አታውቅም። አሁን ሽሮ ቢመጣ መሸነፌ ይሁን ጾሙ በምን አውቃለሁ? እንቁላል ልላክ ብትልም፣ በሩ ላይ ስንቅ ያመጣ ሰው ተረኛው ፖሊስ ፊት ካልቀመሰ አያስገቡለትም። መምህር ብሎ ዝም! አልኩ ለራሴ።

ለሀጂ ብነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ብርድ ልብሳቸውን አካፈሉኝ።

ሁለቱም ተኙ። እንደዚያ ሌሊት ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። ከግድግዳው ማዶ ሰፈሬ ስለ እኔ የወሰነውን ወስኗል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምሳ ዕቃዬ ገባ። የላይኛውን ስከፍት ሽሮ ነው። የታችኛውን ስከፍት ግን እንጀራው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጧል፤ ጫፉ ተነክሷል። ባለቤቴ ፍንጭት ናት፤ የፍንጭቷ ምልክት እንቁላሉ ላይ ቀርቷል።

«ሚስትህ ምን ሆና ነው?» አለ ያመጣልኝ ፖሊስ። «ቅመሺ ስላት እንቁላሉን ይዛ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም አማተበችና ነከሰችው።»

«መብሩክ!» አሉ ሀጂ፤ ሹፌሩ አቀፈኝ። እንቁላሉን ለሦስት ከፈልኩት። የተነከሰውን ለራሴ አስቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ አስጠራኝ። ወረቀት አቀረበልኝ። «ዳግመኛ አልወዳደርም ብለህ ፈርም፤ ማታ ቤትህ ነህ። ለመሆኑ ማን መረጠህና ነው?»

አልተቆጣሁም። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ያደርኩት ይህንኑ ነው። «የሰፈሬ ሰዎች» አልኩና እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት። ክረምቱን እዚያው ከረምኩ።

ከተፈታሁ በኋላ የሰፈራችን ባለሱቅ እያጫወተኝ ሳለ ያን ጠዋት አነሳው። ውጤቱን ያነበበው ከባለቤቴ ጎን ቆሞ ነው። በጣቢያችንም ተሸንፌ ነበር፤ ለዚያውም ክፉኛ። «እትዬ ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት» አለኝ። «ከዚያ ሱቅ ድረስ ተከትለውኝ መጡና እንቁላል ገዙኝ። በጾም ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ለብዙ ቀን ፊቷን ማየት ከበደኝ። ግን አልጠየቅኳትም። እንቁላሉ ባይመጣ ኖሮ እፈርም እንደነበርም አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ራሷን ይቅር አትልም። በዓመቱ የሰኔ ጾም ሲገባ ቁርስ ልታቀርብልኝ ስትል፣ «እጾማለሁ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ይኸው እስከ ዛሬ አብረን እንጾማለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ምርጫ ደርሷል። ሰፈርተኛው ውጤቱን የት ተሰብስቦ እንደሚጠብቅ ይማከራል። እኔን የጠራኝ የለም፤ ባይጠሩኝም አልፈርድባቸውም።

«አንተስ የት ልታመሽ አሰብክ?» አለችኝ ባለቤቴ ትናንት።

«እዚሁ በረንዳችን ላይ።»

«ስንት ወንበር ላውጣ?»

«ሁለት ይበቃል» አልኳት።